ለጃክ ራስል አሠልጣኝ ከመያዝሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «የሰባት ወር ጃክ ራስል ውሻ አለችኝ፤ ስጠራት አትመጣም፤ ስኩረል (ዛፍ ላይ የምትወጣውን) ስታይ ታብዳለች፤ ሜሪላንድ ውስጥ ምን ዓይነት አሠልጣኝ ልያዝ?» ላልሽው መልሴ ይኸውልሽ።

እዚህ አገር ፀጉር ለመሥራት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ውሻ ለማሠልጠን ግን አይጠየቅም። ትናንት ቢዝነስ ካርድ ያሳተመ ሁሉ ዛሬ «ባለሙያ» ነው። ስለዚህ፦

1. ከስሙ ቀጥሎ «ሲፒዲቲ-ኬኤ» (CPDT-KA፣ የውሻ አሠልጣኞች የምስክር ወረቀት ነው) የሚል ካለ ቢያንስ 300 ሰዓት አሠልጥኖ ፈተና አልፏል ማለት ነው። መነሻ ይሆንሻል እንጂ አይበቃም።

2. ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂው፦ «ውሻዬ በትክክል ስትሠራ ምን ታደርጋለህ? ስትሳሳትስ?» ለሁለተኛው «ሽልማቷን እከለክላታለሁ፣ ሥራውን አቀልላታለሁ» ካለ ወሬውን ቀጥይ። «አለቃው ማን እንደሆነ አሳያታለሁ» ወይም «ውጤቱን በዋስትና» ካለ ስልኩን ዝጊው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ጃክ ራስል ቴሪየር ከሚባሉት የአደን ውሾች አንዱ ነው፤ ቴሪየር የተዳቀለው ከሰው ዓይን ርቆ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከቀበሮ ጋር ተፋጦ፣ ራሱ እንዲወስን ነው። ሲያመው የሚያፈገፍግ ቴሪየር ለአዳኙ አይረባውም ነበር። ይህንን ዘር በኤሌክትሪክ ኮላር ስትነዝሪው ይብስበታል። ሌላ ውሻ ባየች ቁጥር ከተነዘረች የምትማረው «ውሻ ሲመጣ ያመኛል» የሚለውን ነው፤ በሚቀጥለው ከሩቁ ትጮሃለች። «ሦስት ሳምንት ተዪልኝ፣ ሠልጥና ትመጣለች» የሚልሽም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተቀብሎ የሚመልስልሽ ለእሱ ብቻ የምትታዘዝ ውሻ ነው። ቤትሽ ስትገባ ያው ናት፤ ውሻ አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ነው የሚማረው።

3. አሠልጣኝ ያዢም አትያዢ፣ ቤት ውስጥ የምትጠሩበትን ቃል አንድ አድርጉት። አባት «ነይ»፣ ልጅ «ካም»፣ እንግዳ «ና» የሚልበት ቤት ውስጥ ውሻዋ ምን ታድርግ? «ነይ» ካላችሁ ሁላችሁም «ነይ»።

«ነይ»ን የምታስተምሪያት እንዲህ ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት ያልነካው የተቀቀለ የዶሮ ደረት በሽምብራ ፍሬ ልክ ክተፊ (ከወጡ አውጥተሽ እንዳትሰጫት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል)። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስትሰለች አንቺንም ትሰለቻለች። ቤት ውስጥ በሦስት ሜትር ጀምሪ። አንድ ጊዜ ብቻ «ነይ»። ፊቷን ወደ አንቺ ባዞረችበት ቅጽበት «ጎሽ!»፤ ስትደርስ በአንድ እጅሽ የአንገቷን ማሰሪያ ይዘሽ በሌላው አብዪ፣ ከዚያ ልቀቂያት። ማሰሪያውን የምትይዢው መያዝን ከሥጋ ጋር እንድታያይዘው ነው፤ ያለዚያ ደርሳ፣ እጅሽን ስታይ ትፈተለካለች። ከአሥሩ ስምንቱን ከመጣች ርቀቱን ጨምሪ፤ ከዚያ ካነሰ ወደ ኋላ ተመለሺ። ውጪ ስትወጡ አሥር ሜትር ገመድ ደረቷ ላይ ከሚታሰረው ሃርነስ ጋር አያይዢ፤ ከአንገቷ ጋር ካያያዝሽው በሩጫ መሃል ሲወጠር አንገቷን ይጎዳል። ያ እየተሳበ የሚረዝመው ገመድ ደግሞ ሁልጊዜ ስለሚወጠር መጎተትን ያስተምራታል፤ ጣዪው።

ነገሩን የሚያበላሸው «ነይ ነይ ነይ ነይ» ማለት ነው፤ አራተኛው ላይ መምጣትን ትማራለች። ሌላው ጠርቶ ማጠብ፣ ጠርቶ መቆጣት፣ ጠርቶ ከፓርክ ወደ ቤት መውሰድ ነው። ለመታጠቢያ ሄደሽ አምጫት እንጂ አትጥሪያት።

ለስኩረሉ ዶሮ አይበቃም፣ ማባረር ነው የምትፈልገው። እንጨት ጫፍ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ጨርቅ እሰሪ። «ተዪው» ስትያት ዓይኗን ከስኩረሉ አንስታ አንቺን ካየች ጨርቁን አስሩጪላት። እንዲህም ሆኖ አጥር በሌለበት ቦታ ጃክ ራስል ከገመድ አትፈታም፤ ይቻላል የሚልሽን አሠልጣኝ ከዝርዝርሽ አውጪው።

ከመክፈልሽ በፊት ውሻሽን ቤት ትተሽ አሠልጣኙ ሌሎች ውሾችን ሲያሠለጥን ሄደሽ እዪ። አሠልጣኙ ሲጠጋቸው ጭራቸውን የሚቀብሩ፣ ጆሯቸውን የሚለጥፉ ውሾች ካየሽ በዚያው ውጪ። መጥቶ ማየት ክልክል ነው ካለሽማ መሄድም አያስፈልግም።