ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ባክቴሪያው አልወጣ አለኝ፣ ዊዝድሮ ልሙላ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 24 ዓመቴ ነው። አምና ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ዘንድሮ ስድስት ኪሎ ማስተርስ ጀምሬያለሁ። የምኖረው ከወንድሜ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የታክሲ ሰልፉን ለማምለጥ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት ቁርስ አይበላልኝም፣ ስለዚህ ቀኑን በቡና ነው የምገፋው። ምሳ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ማታ 3 ሰዓት ገብቼ ጥግብ እስክል እበላና እስከ 7 ሰዓት አነባለሁ። ጨጓራዬ ያቃጥለኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ አንዳንዴም ልቤ ይመታል። ራሴን ሲያመኝ አድቪል እወስዳለሁ። አንድ ክሊኒክ ደሜን አይቶ «ኤች ፓይሎሪ አለብሽ» አለኝና የ14 ቀን መድኃኒት ጨረስኩ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና በደም ሲታይ «አሁንም አለ» ተባልኩ። ሌላ ዙር ታዞልኛል፣ ገና አልጀመርኩም። ግቢ እያለሁ ምንም አይነካኝም ነበር። ባክቴሪያው ለምን አልወጣም? ዊዝድሮ ሞልቼ ይህን ሴሚስተር ላቋርጥ ይሆን?

መልስ፦ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ከሁሉ በፊት ያን ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ለጊዜው አትጀምሪው።

ብዙ ክሊኒኮች የሚሠሩት የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ጥርግ ብሎ ከወጣ በኋላም አንቲቦዲው ደም ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «አሁንም አለ» የተባለው ውጤት «ከዚህ በፊት ይዞሽ ነበር» ከማለት ላያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በደም አይታወቅም። በዚህ ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ የወሰዱ ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል፤ ያናድደኛል። ገንዘቡም ይባክናል፣ ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

አንቺ የሚያስፈልግሽ የሰገራ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪ ስትሄጂ «የኤች ፓይሎሪ ስቱል አንቲጅን» በይ። በትንፋሽ የሚሠራም አለ። አንድ ነገር ግን አትርሺ፤ አንቲባዮቲክ ከጨረስሽ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት) ካቆምሽ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። ያለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊልሽ ይችላል። አንቲባዮቲኩን ከጨረስሽ ሦስት ወር ስላለፈ በዚያ በኩል ችግር የለም። ኦሜፕራዞል አሁንም የምትወስጂ ከሆነ ግን ከምርመራው በፊት የምታቆሚበትን ሁኔታ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ቃጠሎው ካስቸገረሽ የሚታኘከውን የጨጓራ ማስታገሻ መጠቀም ይቻላል።

ባክቴሪያውን አቅልዬ እያየሁት አይደለም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጥቷል። ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። የሰገራው ውጤት «አለ» ካለ እንደገና ትታከሚያለሽ፤ ያኔ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው የተለየ መሆን አለበት። ግን በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ባክቴሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ይኖራል፣ አብዛኛውም ምንም አያመውም። የሆድ ቃጠሎ ሁሉ በእሱ አይሳበብም።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ «ግቢ እያለሁ ምንም አይነካኝም ነበር» ያልሽው ነው። ግቢ እያለሽ ቀንሽን የሚያደራጅልሽ ሌላ ነበር። ካፌው በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል። ሽሮው ቢቀጥንም ሰዓቱ አይዛነፍም። ብትተኚ የዶርም ልጆች «ተነሺ፣ ካፌ ሊዘጋ ነው» ብለው ብርድ ልብሱን ይገፉልሻል። ክላሱ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። አሁን ካራን አልፈሽ፣ መገናኛ ሌላ ሰልፍ ይዘሽ ነው ስድስት ኪሎ የምትደርሺው። ማስተርስ ላይ ደግሞ «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ?» የሚልሽ የለም። ኮርሱ ጥቂት ይመስላል፣ ንባቡ ግን አያልቅም። የዶርም ጓደኞችሽም የትና የት ተበትነዋል። ጨጓራና አእምሮ በነርቭ የተገናኙ ናቸው፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ጨጓራ ላይ ምንም ቁስል ሳይኖር ያቃጥላሉ፣ ይነፋሉ። ይህ «በጭንቅላትሽ የፈጠርሽው» ማለት አይደለም። ሕመሙ የእውነት ሕመም ነው።

በጽሑፍሽ ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ አድቪሉ ነው። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል። በባዶ ሆድ፣ በቡና ላይ ሲሆን ደግሞ ቁስለት መጋበዝ ነው። ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም ያው ነው። ስለዚህ አቁሚው። ራስሽን ካመመሽ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም በልኩ። የራስ ምታቱ ምንጭ ግን የተሰወረ አይመስለኝም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝተሽ 11 ሰዓት ብትነሺ እንቅልፍሽ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በአንቺ ዕድሜ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል።

ቡናን ተይው አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝም። ግን ከምግብ በኋላ ይሁን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም ይቅር። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮሽ አለ። የልብ ምቱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ለምርመራ ስትሄጂ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ጨምረሽ አሠሪ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ።

ንጋት ላይ ምግብ እንደማይበላልሽ ይገባኛል። ማታ የበሶ ጭብጦ አዘጋጅተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ብዪው። ሙዝም ዳቦም ይሆናል። ምሳ ዕቃ ያዢ። ማስተርስ ተማሪ ምሳ ዕቃ ይዞ ሲታይ ያፍራል መሰለኝ፤ መምህሮቹም ይዘው ይመጣሉ እኮ። ዋናውን ምግብ ቀን ላይ ካደረግሽው ማታ ቀለል ያለ ነገር ይበቃሻል፣ በልተሽም ቶሎ አትተኚ። ተልባ ጠጪ ይሉሻል፣ ከተስማማሽ ጠጪ። ወተት ግን ለጊዜው አብርዶ በኋላ አሲዱን ስለሚጨምር አልመክርም። የምትፆሚ ከሆነ እስክትድኚ ድረስ የመብያ ሰዓቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ የታመመ ሰው ጉዳይ ለእነሱ አዲስ አይደለም።

ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከሽ፣ ምግብ ሲወርድ ከተቀረቀረብሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ይህን ሁሉ ትተሽ ሆስፒታል ሂጂ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዚያው ቀን ናቸው። (የብረት እንክብል የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፤ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።) ከሁለት ሳምንት በላይ ሁሉ ነገር ካስጠላሽ፣ ማልቀስ ማልቀስ ካለሽ ወይም መኖር ካስጠላሽም ለወንድምሽ ንገሪው፤ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰድሽ።

ዊዝድሮውን ለጊዜው አትሙዪ። መጀመሪያ አድቪሉ ይቁም፣ ሆድሽና እንቅልፍሽ ሰዓት ይያዙ፣ የሰገራው ውጤት ይምጣ። ያም ሆኖ ካልተሻለሽ ማመልከቻው የሐኪም ወረቀት ስለሚፈልግ፣ ውጤቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አስቀምጫቸው። ዊዝድሮ የሚሞላበት ቀን መቼ እንደሚያልፍም ሬጅስትራር ሄደሽ ከአሁኑ ጠይቂ።