ሃዋይኛ 8 ተነባቢ ብቻ ይዞ ያስቸግራል?

ወንድሜ፣ «ሃዋይኛ 8 ተነባቢ ብቻ ነው ያለው ሲባል ሰማሁ፤ ታዲያ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል አይሆንም?» ብለህ ጠይቀሃል። ቁጥሩ ልክ ነው። ፕ፣ ክ፣ ህ፣ ል፣ ም፣ ን፣ ው። ስምንተኛዋ ጉሮሮ ላይ ድምፅን ቆረጥ የምታደርገው «ኦኪና» ናት። አናባቢው ደግሞ አምስት፤ አጭርና ረጅም አለው። ቀ፣ ጠ እና ጨ ለለመደ ምላስ ጨዋታ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የሃዋይ ዋና ከተማ ሆኖሉሉ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ስሠራ አንዲት ጠና ያሉ የሃዋይ ተወላጅ አብረውኝ ይሠሩ ነበር። እዚያ ትልቅ ሴት «አንቲ» ነው የምትባለው፤ የእኛ «እትዬ» በለው። በምሳ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ያስተምሩኛል። መጀመሪያ ቀን ስሜን ጠርቼ «ኮው ኢኖአ» አልኳቸው። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ስሜ» ለማለት «ኮኡ ኢኖአ» ነው፤ ከኮ በኋላ ቆረጥ አድርገህ ኡ ትላለህ። ያቺን ከዋጥካት «ስምህ፣ ስምሽ» ይሆናል። ለካ አንቲን በገዛ ስሜ ክርስትና እያነሳኋቸው ነበር!

እኛ «ማእከል»ን «ማከል» ብንል ማንም አይከሰንም። እነሱ ጋ ግን ድምፁ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ብዙ ይሸከማል። የምትፈራው ቁጥሩን ሳይሆን ይህንን ነው።

ሌላው ርዝመት ነው። እኛ ተነባቢ እናጠብቃለን፤ «ገና አልመጣም» ላልቶ፣ «የገና በዓል» ጠብቆ። እነሱ የሚስቡት አናባቢውን ነው። «ካላ» አጭር ሲሆን መፍታት፣ ሁለቱም አናባቢ ሲሳቡ ገንዘብ። የእኔ ምላስ ደግሞ ሳብ አድርግ ሲሉት «ላ»ን ያጠብቃል! የእኛ መጥበቅ ፊደል ላይ እንደማይታየው ሁሉ፣ በድሮ ጽሑፋቸውም ይህ ርዝመት በአብዛኛው አይታይም ነበር።

ሁለት ተነባቢ አይደራረብም፤ ክፍለ ቃሉም ሁልጊዜ በአናባቢ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ «ክሪስማስ» እዚያ ሲደርስ «ካሊኪማካ» ሆነ። ር ወደ ል፣ ስ ወደ ክ። ክ እና ት ደግሞ ለእነሱ አንድ ድምፅ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1826 የፊደሎቹን ቁጥር ሲቀንሱ ክን ይዘው ትን ጣሉ እንጂ፣ ኒኢሃው ደሴት ላይ ዛሬም ት ይላሉ። ካሜሃሜሃ የሚባለው ንጉሥ በድሮ ጽሑፍ «ታሜሃሜሃ» ነው።

ልትጀምር ከሆነ በፊደላችን ጻፈው፤ «ኮው» እና «ኮኡ» ወዲያው ይለያሉ። ርዝመቱን ግን «ካኣላኣ» ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ ጽፌ፣ በማግስቱ በየመሀሉ እየቆረጥኩ አነበብኩት። አሁን ከፊደሉ በላይ ሰረዝ ነው የማሰምርበት።