«ይህን ያህል የተማረ ሰው ዲስሌክሲያ አይኖርበትም» ለተባሉት ጠያቂያችን

ጠያቂያችን ሁለተኛ ዲግሪ እንዳላቸውና በኃላፊነት ቦታ እንደሚሠሩ፣ ነገር ግን አንድ ሪፖርት አንብቦ ለመጨረስ ከባልደረቦቻቸው እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድባቸው ጽፈዋል። ያማከሯቸው ባለሙያ አጭር የንባብ ፈተና ሰጥተው «ውጤትዎ አማካይ ነው፤ ይህን ያህል የተማረ ሰው ዲስሌክሲያ አይኖርበትም» ብለዋቸዋል። ጥያቄያቸው ይህ አባባል ትክክል ነው ወይ፣ ካልሆነስ ምን ዓይነት ምዘና ልጠይቅ የሚል ነው። ጎልማሶችን በመመዘን ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየሁ፣ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

የተሰጠዎት መደምደሚያ የሚያስኬድ አይደለም። ዲስሌክሲያ የማሰብ ችሎታ ጉድለት ሳይሆን የተጻፈን ቃል ያለ ስሕተትና ያለ ድካም ወደ ድምፅ የመለወጥ ችግር ስለሆነ፣ ዲግሪ መያዝ ችግሩ አለመኖሩን አያረጋግጥም። በ2009 ለእንግሊዝ መንግሥት የቀረበው የሰር ጂም ሮዝ ሪፖርት ዲስሌክሲያ በሁሉም የአእምሮ ችሎታ ደረጃ ባሉ ሰዎች ላይ እንደሚታይ አስፍሯል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5 የሚባለው፣ በአይኪው (በአእምሮ ችሎታ ፈተና ነጥብ) እና በንባብ ውጤት መካከል ልዩነት ይፈልግ የነበረውን የቀድሞ መስፈርት ትቶታል። ከዚህም አልፎ፣ ችግሩ በትምህርት ዕድሜ ቢጀምርም ሰውየው የሚጠየቀው ነገር ከአቅሙ በላይ እስኪሆን ድረስ ጎልቶ ላይታይ እንደሚችል ይገልጻል፤ በምሳሌነት የሚጠቅሳቸውም ሰዓት የተቆረጠባቸውን ፈተናዎችና በጠባብ ቀነ ገደብ ተነብበው ወይም ተጽፈው ማለቅ ያለባቸውን ረጃጅም ሰነዶች ነው። ጎበዝ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ወደ ምዘና የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሙያ ፈቃድ ፈተና ሲደርስባቸው ወይም ወደ ኃላፊነት አድገው የሚያነቡት ወረቀት ሲከመርባቸው መሆኑ በዚህ ይገባኛል።

ዋናው ነጥብ የወሰዱት ፈተና ምን እንደለካ ነው። ሰዓት ሳይያዝ የቃላት ዝርዝር ማስነበብ 20 ዓመት ሲያነብ የኖረን ሰው ችግር አያወጣም። ይህ ሰው በየቀኑ የሚያገኛቸውን ቃላት በመልካቸው ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ያላወቀውንም ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ይገምተዋል። በእንዲህ ያለ ጎልማሳ ላይ መለካት ያለበት ንባቡ የሚጠይቀው ጊዜና ድካም ነው። ስለዚህ ቶውሪ በሚባለው ፈተና ተመዛኙ በ45 ሰከንድ ውስጥ የቻለውን ያህል እውነተኛ ቃላት፣ ከዚያም በሌላ 45 ሰከንድ ለፈተናው ተብለው የተፈጠሩ ትርጉም የለሽ ቃላት እንዲያነብ ይደረጋል። የተፈጠሩት ቃላት የሚጠቅሙት ከዚህ በፊት ታይተው ስለማያውቁ በትውስታም በግምትም ስለማይነበቡ ነው። በእኛ ፊደል ላሳይ ብል፣ «መንበለት» የሚል ነገር ሲቀርብለት የንባብ ችግር የሌለበት ሰው እንዳየው ያነበዋል፤ ከፍተኛ የትምህርት ደረጃ ያለው ዲስሌክሲክ ግን «መንበር» ብሎ ይጀምርና ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ትክክሉን ይናገራል። ሰዓት ያልያዘ መዛኝ «ትክክል» ብሎ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ ያ ሁሉ ትግል በወረቀቱ ላይ አይገኝም።

ድምፅ አውጥቶ ማስነበብም ያው ነው። አንድ ተመዛኝ ስለ ግብር የተጻፈ አንቀጽ ሲያነቡ «ያልተከፈለ» የሚለውን «የተከፈለ» ብለው አለፉ፣ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር አልገጥም ሲላቸው ቆም አሉና ዓይናቸውን ወደ ላይ መልሰው አረሙት። በሌላ መስመር «ተሽሯል» የሚለውን «ተሰርዟል» አሉት፤ ሐሳቡ ስላልተዛባ እርሳቸውም አላስተዋሉም። በመጨረሻ የቀረቡላቸውን የመረዳት ጥያቄዎች በሙሉ መለሱ። በነጥብ ብቻ ቢታይ ችግር የለባቸውም፤ አንቀጹ የወሰደባቸውን ጊዜና የተመለሱበትን መስመር ብዛት ለመዘገበ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኔልሰን-ዴኒ የተባለው ፈተና በመደበኛና በተራዘመ ሰዓት ሊሰጥ የሚችል በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ማሪሊን ባርትሌት የተባሉ፣ የዶክትሬትም የሕግም ዲግሪ የነበራቸው አሜሪካዊት የኒው ዮርክን የጠበቆች ፈተና ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቷቸው እንዲወስዱ ሲጠይቁ፣ ፈታኝ ቦርዱ በቃላት ንባብ ፈተና ያገኙት ነጥብ ዝቅተኛ አይደለም ብሎ ከለከላቸው። ጉዳዩ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በ2001 ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ለባርትሌት ፈረዱ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ቦርዱ የተመረኮዘባቸው ፈተናዎች ሰዓት የማይያዝባቸው በመሆናቸው የንባቡን ዝግታ ሊያሳዩ አለመቻላቸው ነበር። በእርስዎ ላይ የተደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ከንባብ ሌላ የቃላት አጻጻፍ መታየት አለበት፤ በጎልማሳ ላይ ከንባብ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሳይሻሻል የሚቆየው እርሱ ነውና። አራሚ ሶፍትዌር በሌለበት፣ በእጅ፣ በተወሰነ ደቂቃ አንድ ገጽ ማጻፍ ብዙ ያሳያል፦ በንግግራቸው የረቀቀ ቃል የሚጠቀሙ ሰዎች በጽሑፍ ላይ አጻጻፉን እርግጠኛ የሆኑበትን ተራ ቃል ብቻ ሲመርጡ ታያለህ። ከቃል ላይ አንድ ድምፅ አውጥቶ የቀረውን መናገርና የተደረደሩ ፊደላትን ወይም አኃዞችን በፍጥነት መጥራትም ይፈተናሉ። በእነዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ማንኛውም በቂ ሥልጠና ያለው መዛኝ ያውቃቸዋል።

የአይኪው ፈተና ግን ትንሽ ማብራራት ይፈልጋል። በእነዚህ መለኪያዎች አማካዩ 100፣ መደበኛ ልዩነቱም (የሰዎች ነጥብ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 15 ነው። አንድ ሰው በቃል የማመዛዘን ችሎታው 130፣ በንባብ ፍጥነቱ 88 ቢያገኝ ክፍተቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ክፍተቱን ብቻ ይዞ ዲስሌክሲያ ነው የሚል ሪፖርት በእኔ እምነት ደካማ ነው፤ የማንም ሰው ችሎታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለምና። ከፈጣን አንባቢዎች መካከል ስለሚውል ብቻ ራሱን ዘገምተኛ አድርጎ የሚቆጥር ሰውም አለ። እኔ የማምነው የንባብ ፍጥነቱ፣ የተፈጠሩት ቃላት፣ አጻጻፉና የሕይወት ታሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው።

የሕይወት ታሪክ ያልኩት ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። ዲኤስኤም-5 ዕድሜያቸው 17ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሰነድ የተደገፈ ታሪክ በመደበኛ ፈተና ፋንታ ሊያገለግል እንደሚችል ይፈቅዳል። ንባብ ዘግይተው ጀመሩ ወይ? ክፍል ውስጥ አንብቡ እንዳይባሉ ይሸሸጉ ነበር? ያጠኑት በማንበብ ነው ወይስ ጓደኛ ሲያስረዳ በመስማት? ችግሩ በቤተሰብ ስለሚወረስም ወላጅና ወንድም እኅት ይጠየቃሉ።

መዛኙ ሌሎች ምክንያቶችን መለየት አለበት። የትኩረት ማነስ ከዲስሌክሲያ ጋር አብሮ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መለያ የሚሆነው ተመሳሳይ ጽሑፍ ሲነበብለት መስማት ነው። ዲስሌክሲያ ብቻ ያለበት ሰው ሲሰማ በደንብ ይረዳል፤ ትኩረቱ የሚሸሽበት ግን እያዳመጠም ሐሳቡ ይጠፋዋል። ዓይንዎን አስቀድመው ይመርመሩ። ፈተናው የተሰጠው በሁለተኛ ቋንቋዎ ከሆነ፣ ዝግታው መጀመሪያ ማንበብ በተማሩበት ቋንቋም መኖሩ ይጣራ፤ ፊደሉና ድምፁ በሚገጥሙባቸው ቋንቋዎች ስሕተቱ ጥቂት ሆኖ ዝግታው ብቻ ሊቀር ስለሚችል፣ «አይሳሳቱም» የሚል መልስ በቂ አይደለም።

እንግዲህ አዲስ መዛኝ ከመያዝዎ በፊት በስልክ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሰዓት የሚያዝባቸው የቃላትና የአንቀጽ ንባብ ፈተናዎች ይሰጣሉ ወይ፣ የሚጠቀሙበትስ መመዘኛ ለእርስዎ ዕድሜ የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ፣ ማለትም በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ያገኙት ውጤት፣ አለው ወይ? ቶውሪ እንኳ ማነጻጸሪያው የሚያበቃው 24 ዓመት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰው ውጤቱ በጥንቃቄ መተርጎም አለበት። የድሮ የትምህርት ቤት ሪፖርቶችና በእጅዎ የጻፏቸው ደብተሮች ካሉ ይያዙ። ከቀድሞው ባለሙያ ደግሞ የወሰዷቸውን ፈተናዎች ስምና ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ያንኑ ፈተና በአጭር ጊዜ ውስጥ መድገም በልምምድ ምክንያት ነጥቡን ከፍ ስለሚያደርግ፣ አዲሱ መዛኝ የትኛውን መተው እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።