የአንባቢያን ጥያቄ፦ በ6 ባር አየር ወደ 8 ባር ቦይለር?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ባለ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ለጋዝ ጉድጓድ የተሠራ፣ በጋዝ ግፊት የሚነዳ ዶዚንግ ፓምፕ (ኬሚካል በልክ የሚሰጥ ፓምፕ) ደርሶን በኮምፕረሰር አየር ልናስነሳው ነው። የአየር መስመራችን ግፊት 6 ባር ነው፤ ቦይለሩ ግን 8 ባር። እንዴት ይገፋል? ወደ ቦይለሩ ውሃ የምንሰጠውን የሶዲየም ሰልፋይት ልክስ በምን እናውቃለን? የአየር ፒስተኑ 60፣ ኬሚካሉን የሚገፋው ዘንግ 6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አላቸው፤ ምቱ (ዘንጉ በአንድ ጊዜ የሚሄደው ርቀት) 25 ሚሊ ሜትር ነው። ለቦይለሩ ውሃ የሚሰጠው ፊድ ፓምፕ ሲሠራ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል።

መልስ፦ መግፋቱንስ ይገፋል፤ የሚያሰጋው ከልክ በላይ መግፋቱ ነው። ዲያሜትሩ 10 እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 100 እጥፍ ነው። ሰበቃና ስፕሪንግ የሚበሉት ሲቀር፣ 1 ባር አየር በኬሚካሉ በኩል ወደ 100 ባር ይጠጋል። የመውጫው ቫልቭ ተዘግቶ በ6 ባር ቢነሳ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከፓምፑ መውጫ እስከ መጀመሪያው መዝጊያ ባለው ቦታ ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ ያስገቡ፤ ፍሳሹ ወደ በርሜሉ ይመለስ። በአየሩ በኩል ውሃ የሚይዝ ፊልተር፣ ቀጥሎ ግፊቱን የሚቀንስ ሬጉሌተርና የግፊት መለኪያ ጌጅ ይግቡ። ሬጉሌተሩን ከዜሮ ጀምረው ቀስ እያሉ ይክፈቱ።

በርሜሉ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ከታች ወደ ላይ መሳብም በዚያው ልክ ይከብደዋል።

ፓምፑ እየመታ ኬሚካል አልወጣ ካለ መጀመሪያ የታፈነ አየር ይጠርጥሩ። አየሩ በየምቱ ይጨመቅና ይለጠጣል እንጂ ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቼክ ቫልቭ አይከፍትም። የማስተንፈሻውን ብሎን ፈታ አድርገው አረፋ የሌለው ፈሳሽ እስኪወጣ ይጠብቁ። ካልተስተካከለ የቼክ ቫልቩን ኳስ አውጥተው ይዩ፤ ያልሟሟ አንዲት የጨው ቅንጣት ትበቃዋለች። የዘንጉ ማሸጊያ (ፓኪንግ) ሲያንጠባጥብ በሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁ፤ ከበዛ ዘንጉ ይጫራል።

ወደ ልኩ እንምጣ። ሰልፋይቱ የሚሰጠው ውሃው ውስጥ የሟሟውንና ቦይለሩን የሚያዝገውን ኦክስጅን ለማጥፋት ነው፤ 1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ለማጥፋት 8 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ሰልፋይት ይፈጃል። ለጅምር በሊትር 30 ሚሊ ግራም ብንይዝ፣ ለ2 ሜትር ኩብ በሰዓት 60 ግራም ይሆናል። 5 ኪሎ ሰልፋይት አሟሙተው 100 ሊትር ቢሞሉ በሊትር 50 ግራም ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 1.2 ሊትር፣ በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። የእርስዎ ፓምፕ በአንድ ምት 0.7 ሚሊ ሊትር ስለሚሰጥ በደቂቃ 28 ወይም 29 ምት ያህል ነው። በስሌቱ ብቻ ግን አይመኑ። መምጠጫውን ወደ መለኪያ ሲሊንደር አዙረው፣ መውጫው ከቦይለሩ መስመር ጋር እንደተያያዘ ለ5 ደቂቃ ይለኩ፤ 100 ሚሊ ሊትር መጉደል አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመራዎ በቦይለሩ ውሃ ላይ የሚደረገው የሰልፋይት ምርመራ ነው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ክፍት ከሆነ ሰልፋይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር በርሜሉ ውስጥ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመብራት መጥፋትን ነው። ፊድ ፓምፑ ወዲያው ይቆማል፤ የአየር ታንከሩ ግን ገና ሙሉ ስለሆነ ዶዚንግ ፓምፑ መምታቱን አያቆምም። በ20 ደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ኬሚካል የቆመ ውሃ ውስጥ ይከማቻል። መፍትሔው ከፊድ ፓምፑ ኮንታክተር (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር የተያያዘ፣ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ) በአየሩ መስመር ላይ መግጠም ነው። ይህ ሳይገጠም ፓምፑን ባታስነሱት እንመርጣለን።

«ጋዝ» መባሉም አያሳስትዎ። ፓምፑ በየምቱ የነዳውን ጋዝ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ኮምፕረሰር ተበላሸ ተብሎ ቡታጋዝ ቢቀጠልበት የሚተፋው እሳቱ አጠገብ ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ ፓምፕ ለጉድጓድ ውሃችን በረኪና መስጠት እንችላለን?

መልስ፦ አካሉ የማይዝግ ብረት ከሆነ አይሆንም፤ ክሎሪኑ እየቦረቦረ ይበላዋል። በረኪና ራሱ ጋዝ ስለሚያወጣ ፓምፑ ደጋግሞ ይታፈናል። ፒቪሲ ጭንቅላትና የማስተንፈሻ ቫልቭ ያለው ሌላ ፓምፕ ይፈልጉ። የበረኪና መስመር ሲታጠብ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን፤ አሲድ ከነካው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።