ሣራችንን ከመኪና ጎማ እንዴት እናድን? ጥያቄና መልስ

ቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ሣር በመኪና የተበላሸባቸው አባላት ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከአፈር ጋር ያሳለፉትን ጋሼን ጠየቅናቸው።

ጥያቄ፦ እንግዳ መኪናውን ሣሩ ላይ አቁሞ ሄደ። ሁለት ረጅም ቦይ ቀረ። በሮሎ ብደመድመውስ?

ጋሼ፦ በጭራሽ! ሁላችሁም የምታዩት ቦዩን ነው። ዋናው ጉዳት ከሥር ነው። ጤነኛ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው፤ አየርና ውሃ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲወጣበት ክፍተቱ ይዘጋል። ሥሩ ይታፈናል፣ ውሃውም ከላይ ይተኛል። ደረቅ አፈር ትንሽ ይችላል። እርጥብ አፈር ግን አንዴ ከተረገጠ አብዛኛው ጉዳት ያኔውኑ ይደርሳል። ሮሎው ደግሞ ይብስበታል።

መጀመሪያ አፈሩ ጠፈፍ ይበል። እፍኝ አንስተህ ጨብጠው። ጭቃው በጣቶችህ መሃል ከወጣ ጠብቅ። ስትነካው ፍርፍር ካለ ጀምር። የአትክልት ሹካውን ከቦዩ ጎን ሰክተህ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያልክ አንሣው። ጎድጉዶ ከቀረ ሣሩን ከነሥሩ በአካፋ ግለጠው። ከሥር ያለውን አላላው፣ አፈር ጨምርበት፣ ሣሩን መልሰህ አልብሰው። እርጥብ እያለ ግን አትንካው!

ጥያቄ፦ ማንም እንዳይወጣበት ፌሮ ብተክልስ?

ጋሼ፦ አይሆንም። ልጅ ይወድቅበታል። ሹል ነገር አትትከሉ።

ጥያቄ፦ ድንጋይስ?

ጋሼ፦ ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲሶው የተቀበረ ይሁን። ትንሹን የሣር ማጨጃ ያስፈነጥረዋል። በመሃል ያለው ክፍተት ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። ከመቆፈርሽ በፊት ከሥር የውሃ ቧንቧ ወይም የመብራት ገመድ እንደሌለ አረጋግጪ።

አንድ አባል፦ ከአጥር ውጭ ያለው እኮ የመንገድ ነው። ድንጋይ የመደርደር መብት የለንም።

ሌላ አባል፦ የማጠጣው እኔ፣ የማጭደው እኔ! ሥራው የእኔ፣ መሬቱ የመንገድ?

የመጀመሪያው፦ ማጠጣት ባለቤት አያደርግም። ማታ ሞተር ሳይክል ቢጋጭበት ማን ይጠየቃል?

ጋሼ፦ በቃ! መሬቱ ከወሰናችሁ ውጭ ከሆነ የሚያስተዳድረውን አካል አስፈቅዱ። እኔ የማውቀው አፈር ነው።

ጥያቄ፦ ሣሬ ተበላሽቷል። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ምን አበላሸው? መኪና ቆሞበት ነው ወይስ አልፎበት? አፈሩ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? እንዲህ በደፈናው ከሆነ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ቤቴ መታጠፊያ ላይ ነው። ሾፌሮቹ የፊት ጎማቸውን አስፋልት ላይ ይዘው እንኳ ሣሬ ይረገጣል። ለምን?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። መኪናው በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ሾፌሩ መርገጡን ላያውቅ ይችላል። ያንን ጥግ ለሣር አትስጠው። ኮብልስቶን አልብሰውና ሣርህን ከዚያ ወዲህ ጀምር።

ጥያቄ፦ የማቆሚያ ቦታ የለኝም። በየቀኑ ሣሩ ላይ ማቆም ግዴ ነው። የትኛው ሣር ይችላል?

ጋሼ፦ የትኛውም አይችልም። ሰርዶ ከላይም ከሥርም እየተሳበ የተጎዳውን ይሸፍናል፤ ጥላ ግን አይወድም። በየቀኑ ከሆነ ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ አንጥፊ። ከሥሩ ጠጠር ይደልደል። ሣሩ በቀዳዳው ውስጥ ይበቅላል፣ ጎማው ሲሚንቶው ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት ፈሶበታል።

ጋሼ፦ የነካውን አፈር አውጥተህ በአዲስ ተካው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትናንት ዘንቦ ነበር። ሹካዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ልጀምር?

ጋሼ፦ ስንት ጊዜ ልናገር! አፈሩን ጨብጠኸዋል?

ጠያቂው፦ አሁን ጨበጥኩት። በጣቶቼ መሃል ወጣ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሹካውን መልሰው።