ሴፍትሪአክሶን ቤት ውስጥ መወጋት ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ እናትሽ ለሳንባ ምች የታዘዘላቸውን ሴፍትሪአክሶን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ለመወጋት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጤና ጣቢያ ድረስ መመላለሱ ስለከበዳችሁ ጎረቤት ያለችው ነርስ ቤት ብትወጋቸው ምን ችግር አለው ብለሻል። ድካማችሁ ይገባኛል፤ ግን እባክሽ ቤት አታስወጊያቸው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ድንገተኛ አለርጂ ያስነሳል፦ ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ያኔ አድሬናሊን ቶሎ ካልተሰጠ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ጤና ጣቢያው ይቆዩ። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን አስቸግሯቸው የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ተናገሪ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው መበጥበጫውን ነው። የመድኃኒቱ ዱቄት ጡንቻ ላይ ሲወጋ ሕመሙ እንዲቀንስ ሊዶኬይን በሚባል ማደንዘዣ ይበጠበጣል፤ በሊዶኬይን የተበጠበጠው ግን በፍጹም በደም ሥር አይሰጥም! ካልሲየም ካለው ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋርም አይቀላቀልም። ይህን ቤት ውስጥ ተቻኩሎ መሥራት ያስፈራኛል።

ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። መመላለሱ ካቃታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እየተሻላቸው ከሆነ ወደሚዋጥ መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል። ደም የቀላቀለ ወይም የበረታ ተቅማጥ ከጀመራቸው በዚያው ቀን ውሰጃቸው። እግዚአብሔር ይማርልሽ።