ኦሽን ሲቲ ላይ የሚደፋው አሸዋ የት ይገባል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ሰመር ሲመጣ ኦሽን ሲቲ ትወርዳላችሁ አይደል፣ እዛ ቢች ላይ በአራት ዓመት አንዴ ገደማ በመርከብ ከባህር ወለል አሸዋ እየተመጠጠ በቧንቧ ይደፋል። እኔ ሰርቬየር ነኝ፣ የባህር ዳርቻ ልኬት ላይ ነው የምሰራው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሸዋው እንደተደፋ ቢቹ በጣም ሰፊ ነበር፣ በዓመቱ ስንሄድ ግን ጠቧል። ያ ሁሉ ብር ባህር በላው ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ባህር መግባቱንስ ገብቷል፣ ግን ጠፋ ማለት አይደለም፣ ይሄን ሰው ቢረዳልኝ በጣም ደስ ይለኛል። ዶዘር ሲገፋው ባህሩ ራሱ ከሚያበጀው ይበልጥ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው የሚተወው፣ ከዛ ሞገዱ እየጎተተ ውሃ ስር ያስተኛዋል፣ ዲዛይኑም ይሄን አስቦ ነው የሚሰራው። ውሃ ስር የተከመረው አሸዋ ትልልቁን ሞገድ ከሩቅ ስለሚሰብረው አሁንም ስራ ላይ ነው። በፈረንጆች ጥር 1992 የፌደራሉ ፕሮጀክት አሸዋ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ከባድ ማዕበል መጣ፣ ላየው ሰው ቢቹ ያለቀለት ይመስል ነበር፣ ውሃው ውስጥ ሲለካ ግን ብዙው አሸዋ እዛው ቅርብ ተኝቶ ተገኘ። ስለዚህ የደረቁን ስፋት ብቻ አይቶ መፍረድ ትክክል አይደለም፣ የሚለካው መጠኑ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ስር ያለውን እንዴት ነው የምትለኩት ታዲያ?

መልስ፦ ከአሸዋው ክምር ጀርባ የማይነቃነቅ ቤንችማርክ፣ ማለትም ቦታውና ከፍታው በትክክል የታወቀ ምልክት አለ፣ ከሱ ተነስተን ቀጥ ባለ መስመር ወደ ባህሩ እንሄዳለን፣ ደረቁንና እስከ ደረት የሚደርሰውን ውሃ ጂፒኤስ ያለው ዘንግ ይዘን በእግር፣ ከዛ ወዲያ በጀልባና በድምፅ ጥልቀት በሚለካ መሳሪያ፣ ሁለቱ ልኬት የግድ መደራረብ አለበት አለዚያ ስህተቱ አይታወቅም። የምናቆመው ወለሉ ከዓመት ዓመት ብዙ የማይቀየርበት ጥልቀት ላይ ስንደርስ ነው፣ ስድስት ሰባት ሜትር አካባቢ። መስመሮቹ ሁልጊዜ እነዛው ናቸው፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ ስትስለው ልዩነቱ በእያንዳንዱ ሜትር ዳርቻ ስንት ኪዩብ (ሜትር ኩብ) አሸዋ እንደሆነ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው?

መልስ፦ ከመደፋቱ በፊት፣ እንዳለቀ ወዲያው፣ ከዛ በየጥቂት ወሩ፣ በኋላ በዓመት አንዴ። ዋናው ነገር በጋን ከበጋ ክረምትን ከክረምት ማወዳደር ነው (እዚህ በጋ የምለው ሰመሩን፣ ክረምት የምለው ብርዱን ነው)፣ የክረምት ሞገድ አሸዋውን ወደ ባህሩ ውስጥ ይወስዳል የበጋው ይመልሳል። ሆላንዶች ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ ዳርቻቸውን ይለካሉ፣ አሸዋ የት እንደሚጨምሩ የሚወስኑትም ከዛ ተነስተው ነው።

ጥያቄ፦ ድሮን አለኝ፣ አይበቃም?

መልስ፦ ለደረቁ አሪፍ ነው፣ መሬት ላይ የተለኩ ምልክቶች ካስቀመጥክ። የሞገድ አረፋና የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ግን አያይልህም፣ ነገሩ ያለው ደግሞ እዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብትሳሳቱስ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ መስመሩ 500 ሜትር ነው እንበል፣ መሳሪያው ሙሉውን 3 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጎ ካነበበ በእያንዳንዱ ሜትር ዳርቻ 15 ኪዩብ ጠፋ ማለት ነው፣ በአንድ ኪሎሜትር 15 ሺህ ኪዩብ! ያልጠፋ አሸዋ ጠፋ ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ቤንችማርኩን በየጊዜው ቼክ የምናደርገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ የምር የሚጠፋውስ የት ይሄዳል?

መልስ፦ በዳርቻው ተከትሎ ይጓዛል። በ1933 አውሎ ነፋስ ከከተማው በስተደቡብ መሬቱን ቆርጦ የባህር መግቢያ ከፈተ፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በድንጋይ ግንብ አጠሩት፣ ከዛ ወደ ደቡብ የሚሄደው አሸዋ ተያዘና ማዶ ያለው የአሳቲግ ደሴት ተርቦ ወደ ምዕራብ እየሸሸ ዛሬ ከኦሽን ሲቲ ጋር መስመሩ አይገጥምም። ከፕሮጀክቱ ወሰን ውጪም ካልለካህ የጎረቤትን ጉዳት አታየውም።

ጥያቄ፦ እኛ ባህር የለንም፣ ለሀገር ቤት ይጠቅማል ይሄ?

መልስ፦ በደንብ እንጂ እህቴ! ያው መሳሪያና ያው ስሌት ግድብ ውስጥ የተከማቸ ደለል ይለካበታል። የጎንደሩን አንገረብ ግድብ አስቢው፣ ከተማውን የሚያጠጣው ውሃ በደለል እየተሻማ ነው። ቋሚ መስመር ይዞ በየዓመቱ መለካት ከተቻለ ተፋሰሱ ላይ የተሰራው እርከን ደለሉን መቀነስ አለመቀነሱ በቁጥር ይታያል።